የእንግሊዝን የእንጨት ሥራ ለማየት ለምንሄድ ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

በሚመጣው ሰኔ የእንግሊዝን የአናጺነትና የቤት ዕቃ ቅርስ በቡድን ልናይ እንደምንሄድ ከተነገረ ወዲህ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። እዚሁ እንግሊዝ አገር በእንጨት ሥራ የምተዳደር አባል ስለሆንኩና መንገዱንም የምመራው እኔ ስለሆንኩ መልሱ ለእኔ ተሰጥቷል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መንገዱ ከየት ወዴት ነው?

ለንደን እንጀምራለን። ከዚያ ሃይ ዊኮም፣ ቀጥሎ ኮትስወልድስ የሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ወደ ዮርክሽር ወጥተን ሼፊልድ ላይ እንጨርሳለን። ከሳምንት ትንሽ በለጥ ይላል። በየደጃፉ ፎቶ እየተነሡ ብዙ ቦታ ከመዞር ጥቂት ቦታ ገብቶ ወንበሩን ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። የአናጺ እውነት ያለው ከጀርባና ከሥር ነው፤ ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ቤት ዕቃ የሚሠራ)፦ እኛ የምንሠራው ተጨምቀው ወይም ተጣብቀው በሚሠሩ ሣንቃዎች፣ በኤምዲኤፍና በኮምፔንሳቶ ነው። የሦስት መቶ ዓመት ወንበር አይቼ ምን እማራለሁ?

ወንድሜ፣ ብዙ ትማራለህ። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ አያርፍም። እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ድሮ ሰፊ ሣንቃ በምስማር ጥርቅም ተደርጎ ሲሠራ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው በወንዴና ሴቴ (የአንዱ ጫፍ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ተሰክቶ) የተያያዘ ክፈፍ ሠርቶ፣ መሐሉን የሚሞላውን ስስ ሣንቃ ያለ ሙጫ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሣንቃው እንደ ልቡ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ በሩ ወይም ሣጥኑ ግን አይነቃነቅም። ለንደን ባለው በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር፣ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት በተሠሩ የ16ኛው መቶ ዘመን ሣጥኖች ላይ ይህን በዓይንህ ታየዋለህ። ኮምፔንሳቶም ለዚሁ ችግር የተሰጠ መልስ ነው፤ ስስ ሉሆቹ ጅማታቸው (የእንጨቱ ክር) እየተሻገረ ስለሚጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። የምትሠራበት ዕቃ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተፈጠረ ስታውቅ፣ መቼ እንደሚበቃህና መቼ ሙሉ እንጨት እንደሚያስፈልግህ ለደንበኛህ በልበ ሙሉነት ትናገራለህ።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ከቤት ዕቃ ሌላ ምን አለ?

ሁለት ነገር እንዳያመልጣችሁ። አንዱ የዌስትሚንስተር አዳራሽ ጣሪያ ነው። በንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ዘመን፣ በ1390ዎቹ፣ ሂው ኸርላንድ የተባለ የንጉሡ አናጺ የሠራው ነው። የአዳራሹ ስፋት 20 ሜትር ይሻገራል፤ መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። የኦክ ክንዶች ከግድግዳው ወደ ውስጥ ወጥተው፣ በላያቸው ሌላ ቅስት ተሸክመው፣ ክብደቱን እየተቀባበሉ ወደ ግድግዳው ያወርዱታል። ከሥሩ ቆመን ኃይሉ በየት በየት እንደሚወርድ በጣታችን እየተከተልን እናያለን።

ሁለተኛው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ያለው የግሪንሊንግ ጊበንስ ቅርጽ ነው። ሮተርዳም ተወልዶ እንግሊዝ የሠራ ሰው ነው፤ በ1721 አረፈ። ላይም የሚባለውን ለስላሳ እንጨት አበባና ቅጠል እስኪመስል ድረስ ፈልፍሎታል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ሃይ ዊኮም የሚባል ቦታ ሰምቼም አላውቅ። ለምን አንድ ሙሉ ቀን ተሰጠው?

እኔ ብሆን ሁለት ቀን እሰጠው ነበር። የጉዞው ልብ እዚያ ነው። ከተማዋ የዊንዘር ወንበር (እግሩም ደገፉም መቀመጫው ውስጥ የሚሰካ የእንጨት ወንበር) አገር ናት፤ የእግር ኳስ ቡድኗ ሳይቀር እስከ ዛሬ “የወንበር ልጆች” ይባላል። ዙሪያውን ያሉት የቺልተርን ኮረብታዎች በቢች ዛፍ የተሸፈኑ ናቸው። ቦጀር የሚባሉ ሠራተኞች ቆሞ ያለውን ዛፍ ገዝተው እዚያው ጫካ ውስጥ ይጥሉታል፤ በመጋዝ ሳይሆን ጅማቱን ተከትለው በሽብልቅ ይሰነጥቁታል፤ ገና እርጥብ ሳለ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በሚያስጠርብ መሣሪያ) የወንበር እግር አድርገው ይጠርቡታል። ቶርኖው ሞተር የለውም። ከላይ የታሰረ እንደ ደጋን የሚለጠጥ ቀጭን ግንድ አለ፤ ገመዱ በእንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ እግር መርገጫው ይወርዳል። ሲረገጥ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ ሲለቀቅ ግንዱ መልሶ ይስበዋል። የተጠረበው እግር በብዛት ለከተማው ፋብሪካዎች ይሸጣል፤ መቀመጫው፣ ደገፉና መግጠሙ እዚያ ይሠራል።

ወንበሩን ስትገለብጡት የእንጨት ምርጫውን ታያላችሁ። መቀመጫው ኤልም ነው፤ ጅማቱ የተጠላለፈ ስለሆነ ጠርዙ ድረስ ቀዳዳ ቢበሳበትም በቀላሉ አይሰነጠቅም። እግሩ ቢች ነው፤ ቶርኖ ላይ ጥሩ ይወጣል። የደገፉ ቅስት አሽ ወይም ዩው ነው፤ በእንፋሎት ሲሞቅ ይታጠፋል። አንድ ወንበር ላይ ሦስት ዓይነት እንጨት፣ እያንዳንዱም በሚችለው ሥራ ላይ! የእኛ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ መጋጠሚያ አያስፈልገውም፤ ይህኛው ደግሞ ሕይወቱ መጋጠሚያው ነው። የኋላ እግሩና ደገፉ አንድ ወጥ እንጨት አይደሉም፤ እግሮቹ ከታች፣ ደገፉ ከላይ፣ ሁሉም ለየብቻው መቀመጫው ውስጥ ይሰካል። በአንዳንዱ ላይ እግሩ መቀመጫውን አልፎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሽብልቅ ተመትቶበታል። እነዚህን እጃቸው የሠራ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም። እኔ ከየትኛውም ባለስም ሊቅ በላይ የማከብረው እነሱን ነው።

ጥያቄ፦ ቺፐንዴል የሚባለው ስም በየሱቁ ይጠራል። እውነተኛውን ሥራ እናያለን?

እናያለን፤ ዮርክሽር ውስጥ። ቶማስ ቺፐንዴል በ1718 ኦትሊ በምትባል የዮርክሽር ከተማ ተወለደ። ለንደን መጥቶ ሱቅ ከፈተና በ1754 የቤት ዕቃ ንድፎቹን በመጽሐፍ አሳተመ። የገነነው በመጽሐፉ ነው፤ ሌሎች አናጺዎች ንድፉን እያዩ ስለሠሩ ስሙ የአንድ ሰው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአሠራር ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ሰውየው በዕቃው ላይ ስሙን የመጻፍ ልማድ ስላልነበረው፣ ይህ የእሱ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር በአብዛኛው የቀረው የሒሳብ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ “ቺፐንዴል” ተብሎ የሚሸጥ ወንበር ስታዩ በእሱ ስልት የተሠራ ማለት ነው ብላችሁ ተቀበሉ።

ኖስቴል የሚባለው ቤት ዕቃውም ሰነዱም አብሮ የቆየበት ስለሆነ መርጬዋለሁ። በወርቅና በአረንጓዴ ቀለም ያጌጡትን ዕቃዎች ካያችሁ በኋላ ይህን አስቡ፤ ያው ቺፐንዴል ለዚያው ቤት ማድ ቤት የሥጋ መክተፊያ ጉማጅ አቅርቧል፤ ከኤልም። እዚያው ቤት በ1717 በጆን ሃሪሰን የተሠራ፣ ውስጡ ሳይቀር እንጨት የሆነ ሰዓት አለ። ሃሪሰን የአናጺ ልጅ፣ ራሱም አናጺ ነበር። በኋላ መርከበኞች ባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ ለማወቅ የሚያስችላቸውን ሰዓት የሠራው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ የቺፐንዴል ዘመን ቤት ዕቃ የሚሠራበት ያ ሁሉ ማሆጋኒ የሚባል ቀላ ያለ እንጨት ከየት መጣ? ይህስ ይነገረናል?

ይነገራል፤ እህቴ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። እንግሊዞች ቀድሞ በኦክ፣ ቀጥሎ በዋልነት ይሠሩ ነበር። በ1709 የመጣው ከባድ ክረምት በአውሮፓ ብዙ የዋልነት ዛፍ ገደለ። በ1721 ደግሞ ከቅኝ ግዛት በሚመጣ ጣውላ ላይ የነበረው ቀረጥ ስለተነሣ ማሆጋኒ ከጃማይካ፣ በኋላም ከዛሬዋ ቤሊዝ ጠረፍ ይጎርፍ ጀመር። ዛፉን የቆረጡት፣ ወደ ወንዝ የጎተቱት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። የምንጎበኘው ሃርውድ ቤት፣ ቺፐንዴል ከሠራባቸው ሁሉ ትልቁ፣ የላሴልስ ቤተሰብ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ሀብት ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች (ከካሪቢያን) ስኳርና ከባርነት የመጣ ነው። የመሳቢያውን ጥራት ስናደንቅ የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያነሣውን ሰው እንዳንረሳው እፈልጋለሁ። ቡድናችን እዚያ ቆሞ ይህን በግልጽ ይነጋገርበታል።

ጥያቄ፦ ቪክቶሪያና አልበርት ከሄድን የመቅደላውን ዘውድ እናያለን?

አዎ፣ ጊዜ ተይዞለታል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ የሚገኘው በዚሁ ቤተ መዘክር ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦታት ግን ለእይታ አይቀርቡም፤ መቅረብም የለባቸውም። መመለስ ነው ያለባቸው።

ጥያቄ፦ የሰኔ ጾም ላይ ነን። ምግቡ እንዴት ይሆናል?

ቪጋን ብላችሁ ብትጠይቁ በየትኛውም ከተማ ታገኛላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዮርክሽር ውስጥ ብዙ የዓሣና የድንች ቤቶች ድንቹን የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ድንች ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትብሉ፤ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዛሬም በእጁ የሚሠራ ሰው አለ ወይስ ሁሉም ሙዚየም ገብቷል?

አለ። ኪልበርን በምትባል የዮርክሽር መንደር ሮበርት ቶምሰን (1876–1955) የጀመረው የኦክ ሥራ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሠራተኞቹንም ሲሠሩ እናያለን። የጠረጴዛው ገጽ በመላጊያ ሳይሆን ስስ ፍላጭ እያነሣ በሚጠርብ ጠምዛዛ መጥረቢያ ስለሚጨረስ እጅ ሲያልፍበት ሞገድ አለው፤ በየዕቃውም ላይ አንዲት አይጥ ትቀረጻለች። ኮትስወልድስ ውስጥ ደግሞ ኧርነስት ጊምሰንና የባርንስሊ ወንድማማቾች በ1893 ከለንደን ወጥተው የጀመሩትን ሥራ በቼልተነም እናያለን። እነሱ መጋጠሚያውን አልደበቁትም፤ ጌጥ አደረጉት። ከዚያው ቤተሰብ የወጣው ኤድዋርድ ባርንስሊ በ1923 በሃምፕሽር የከፈተው ወርክሾፕ አሁንም ለማጅ ተቀብሎ ያስተምራል፤ መንገዳችን ላይ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ቪዛስ?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከጉዞው ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ አታዘግዩት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው በኢንተርኔት የሚወጣውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሼፊልድ ላይ መሣሪያ መግዛት እፈልጋለሁ። ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ትችላለህ። ሼፊልድ የመሮና የመጋዝ ብረት ከተማ ናት፤ በኬልሃም ደሴት ሙዚየም ኬን ሃውሊ የሰበሰባቸውን መሣሪያዎች ካየህ በኋላ ምን እንደምትፈልግ ይገባሃል። ያገለገለ መሮ ስትገዛ ጀርባውን እይ፤ ዝገቱ ጉድጓድ ያበጀበት ከሆነ ተወው፣ ስል አይይዝም። መሮና መጋዝ በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም፤ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለህ በሚጫነው ሻንጣ አድርገው። ልጡ ያልተላጠ ጥሬ እንጨት ግን አትግዛ፤ ተባይ ስለሚይዝ ድንበር ላይ ይወሰድብሃል።