መልስ፦ ልጄ 4.5ን ለ0.15 ስታካፍል ለምን 3 ይመጣባታል?

አብሽሪ፣ ማካፈሉን ትችላለች። የሳተችው ነጥቡን ነው። ከ4.5 አንድ ቤት፣ ከ0.15 ግን ሁለት ቤት አሻግራ 45ን ለ15 አካፈለች። ሁለቱም እኩል ቤት መሻገር አለባቸው።

1. መጀመሪያ አካፋዩን ብቻ ትይ። 0.15 ሙሉ ቁጥር እንዲሆን ነጥቡ ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ይሄዳል፦ 15።
2. 4.5ም ሁለት ቤት ይሂድ። ከ5 በኋላ አሃዝ ስለሌለ ባዶው ቤት ላይ 0 ትጻፍ፦ 450። የጠፋባት ይቺ ዜሮ ናት።
3. 450 ÷ 15 = 30።

ምክንያቱን በበርበሬ አሳያት። ከሰኞ ገበያ የመጣ 4.5 ኪሎ በርበሬ 0.15 ኪሎ፣ 0.15 ኪሎ እየተደረገ በፌስታል ቢቋጠር ስንት ቋጠሮ ይወጣዋል? በግራም 4500 ለ150 ነው። ሁለቱም በ1000 ተባዙ፤ ቋጠሮው ግን ያው 30 ነው።

አደራ፣ «ነጥቡን አጥፊውና አካፍይ» አትበያት። ልጆች ማካፈል ሁልጊዜ የሚያሳንስ ይመስላቸዋል፤ አካፋዩ ከ1 ሲያንስ ግን መልሱ ከተካፋዩ ይበልጣል። ሳትጀምር «መልሱ ከ4.5 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለሽ ጠይቂያት፤ 3 ሲመጣ ስህተቱን ራሷ ትይዘዋለች።

ቀጥሎ 6 ÷ 0.25 ስጫት። የ6 ነጥብ ስለማይታይ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፦ 600 ÷ 25 = 24።