ጥብሴ ለምን ወጥ ይሆንብኛል?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ጅማ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ወጥተን ሸክላ ጥብስና ተጋቢኖ እንበላ ነበር። አሁን ዋጋው አልቀመስ ስላለ ቤት ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። አንድ ኪሎ ሥጋ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስጥድ ውኃ ያወጣና ይንተከተካል፤ ውኃው መጥጦ ሲያልቅ ሥጋው እንደ ጎማ ሆኖ ይጠብቀኛል። በየሱቁ ያለውን የታሸገ የጥብስ ቅመም ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሽሮዬም ጥሬ ጥሬ ይላል። ይባስ ብሎ ባለቤቴ ሰሞኑን እህቱ ባለችበት፣ «የምግብ ቤቱ እጅ ሌላ ነው» አለ። እውነት እኔ የማላውቀው ቅመም አለ?

ጥብስ ያሸነፋት፣ ከጅማ

እህቴ፣

የማታውቂው ቅመም የለም። ያሸነፈሽ ኪሎው ነው። ምግብ ቤት ኪሎውን በአንድ ጊዜ አይጠብስም፤ ላዘዘው ሰው የሚበቃውን ብቻ የጋለ ብረት ላይ ይጥላል። አንቺ የቤተሰቡን ድርሻ ሁሉ አንድ ላይ ስትጨምሪ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃውን ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መቀቀል ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ እናንተ ጋ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሥጋ ግን ደህና አድርጎ ቀልቶ የጥብስ ሽታ የሚያወጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ምጣዱ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ የፈለግሽውን ቅመም ብትነሰንሺ እዚያ አትደርሺም።

ከሥጋ ቤቱ እንጀምር። ፍሬምባውን ለወጥ ተዪውና ሽንጥ አስቆርጪ፤ ትንሽ ጮማም ይጨመርልሽ። በፍሪዘር የከረመ ሥጋ ሲቀልጥ ውኃው ስለሚበዛ ለጥብስ አይመከርም። ካጠብሽው በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው። ወፍራም የብረት ምጣድ ባዶውን ይጋል፤ የውኃ ጠብታ ስትጥዪበት ተንጫጭታ ወዲያው መጥፋት አለባት። ጮማውን አስቀድመሽ አቅልጪና ከሥጋው ሩብ ኪሎ ያህሉን ሳይደራረብ በትኚበት። እጅሽ ቶሎ ቶሎ አያማስል፤ አንዱ ጎን ሳይቀላ አትገልብጪው። ጨው ቀድሞ ከገባ ውኃ ስለሚስብ ወደ መጨረሻው ይቆይ። ሽንኩርትም አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሥጋው ከቀላ በኋላ በትልልቁ ተቆርጦ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር ይግባ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከሁሉ በኋላ ቅቤው፤ የኮሰረትና የኮረሪማ መዓዛ ረጅም እሳት አይችልም።

ኮረሪማን ካነሣን ዘንድ፣ የጅማ ሰው የታሸገ ቅመም ሲገዛ ይገርመኛል። ኮረሪማ በእናንተና በከፋ ጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል ነገር አይደለም እንዴ? ከገበያ ከነቅርፊቱ ግዢውና ፍሬውን ቅቤ በምታነጥሪበት ዕለት ውቀጪው። የመደብር ዱቄት መዓዛው ከወጣ ቆይቷል።

ማታ የመብራቱ ኃይል ሲደክም ምድጃው አይግልም፤ ያኔ ከሰል ይሻላል። ነገር ግን በረንዳ ወይም ግቢ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይሁን፤ የከሰል መርዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

ሽሮሽ የጎደለው ጊዜ ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ በደንብ በበሰለው ቁሌት ላይ ጨምሪና ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ በመጠነኛ እሳት ይንተክተክ። ሸክላው አዲስ ከሆነ አሟሺው፤ በጋለ ጊዜም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሺበት፣ ይሰነጠቃል።

ባለቤትሽ እህቱ ፊት መናገሩ ደግ አልሠራም። የቀመሰው ልዩነት ግን እውነት ነው፤ ምግብ ቤት ጥብሱ ከእሳት እንደወረደ ይቀርብለታል፣ ቤት ግን ሁሉም እስኪሰበሰብ ይበርዳል። ስለዚህ ሁሉም አስቀድሞ ገበታ ይቅረብ፤ ጥብሱ ከምጣዱ በየዙሩ ወደ እንጀራው ይምጣ፣ ልጆቹም በመጀመሪያው ዙር ይጀምሩ። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ምጣዱ ዘንድ መቆሙ አይቀርም፤ ያ ሰው ሁልጊዜ አንቺ የምትሆኚበት ምክንያት ግን አይታየኝም። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ማማሰያውን ለባለቤትሽ አስረክቢና ቁጭ ብለሽ ብዪ። እህቱንም ጥሪያት።