ሚስማሩና ፈረሱ የአንድ ፊልም ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ልጅ እያለሁ አባቴ ከጅቡቲ ባመጡት የቪዲዮ ካሴት ላይ የሎሬልና ሃርዲን ፊልም አይቼ ነበር። ቀጭኑ ሎሬልና ወፍራሙ ሃርዲ በረሃ ወርደው ወታደር ይሆናሉ። ልብስ ያጥባሉ፣ ጠላት ሲመጣ ሚስማር ይበትናሉ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙ ሞቶ ፈረስ ይሆናል። አሁን ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ብፈልግ ሚስማር ያለበት ፈረስ የለውም፣ ፈረስ ያለበት ሚስማር የለውም። አባቴ ደግሞ «እነዚያን ባለ ነጭ ቆብ ወታደሮች ጅቡቲ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» ባሉ ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ነገሩ ምንድን ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ፊልም ነው ያደባለቅከው። አይፈረድብህም፣ ያኔ አንድ ካሴት ላይ ሁለት ሦስት ፊልም አከታትሎ መቅዳት የተለመደ ነበር።

ሚስማሩ ያለው በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራልህ) የተሠራው «ቦ ሃንክስ» ላይ ነው። 37 ደቂቃ ብቻ ነው። ሃርዲን ሊያገባት ያሰባት ሴት በደብዳቤ ታሰናብተዋለች። እሱም እሷን ለመርሳት ብሎ ፈረንሳዮች የውጭ አገር ሰው በሚቀጥሩበት ጦር፣ ሌዥዮን በሚባለው ይመዘገባል፤ ሎሬልንም ጎትቶ ያስገባዋል። ጦር ሰፈሩ ሲደርሱ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ወታደሩ ሁሉ የዚያችኑ ሴት ፎቶ ይዟል! ሁሉም የመጣው እሷን ሊረሳ ነው። መጨረሻ ላይ የተማረከው የጠላት አለቃ ጋም ያው ፎቶ ይገኛል። አለቃውን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ዳይሬክተሩ ጄምስ ሆርን ነው፣ ፎቶዋ ደግሞ የዘመኑ የሆሊውድ ተዋናይት የጂን ሃርሎ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጠላት የተባሉት ሪፎች፣ የሰሜን ሞሮኮ ተራራ ሰዎች ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን ስለሆኑ ነው ሚስማሩ የሚሠራው። እውነተኞቹ ሪፎች በ1921 እዚያው ሞሮኮ አኑዋል በሚባል ቦታ የስፔንን ጦር ድምጥማጡን ያጠፉ ሰዎች ናቸው። ባዶ እግሩን የዘመተ ሰው መሳቂያ ሲሆን ለእኛ ያን ያህል አያስቅም።

ልብስ አጠባውና ፈረሱ ያሉት በ1939ኙ «ዘ ፍላይንግ ዱስስ» ላይ ነው። ሰበቡ አሁንም ፍቅር ነው፤ ፓሪስ ውስጥ የወደዳት ልጅ ባለትዳር ሆና ትገኛለች። ሃርዲ ሴን ወንዝ ገብቶ ሊሞት ሲል «ብሞት ፈረስ ሆኜ ብመለስ ይሻለኛል» ይላል። ልብ በል፣ የመጨረሻው ቀልድ እዚህ ጋ ነው የተዘራው። ከዚያ ጦሩ፣ ተራራ የሚያህል የልብስ ክምር፣ በቀን 3 ሳንቲም ደመወዝ፣ ማምለጥ፣ መያዝ፣ የሞት ፍርድ። እኔ የምወደው እስር ቤቱን ነው። ነገ ሊረሸኑ ሎሬል የአልጋውን ሱስታ እንደ በገና እየደረደረ ቁጭ ይላል። በአውሮፕላን ሊያመልጡ ሲሉ ይከሰከሳሉ፣ ሃርዲ ይሞታል፣ ሎሬልም በኋላ ሪዝ ያለው ባለ ባርኔጣ ፈረስ ያገኛል።

ለልጆችህ በአጭሩ ፊልም፣ በ«ቦ ሃንክስ» ጀምርላቸው፣ እሱ ይበልጥ ያስቃል። የ1939ኙ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላልታደሰ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል።

ወደ አባትህ ልምጣ። ሌዥዮን የፊልም ፈጠራ አይደለም። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ በ1831 ያቋቋሙት ነው፤ አልጄሪያ ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1962 ድረስ ዋና ሰፈሩ እዚያው ሲዲ ቤል አቤስ ነበር። ዛሬም አለ፤ የሚገባ ሰው ለ5 ዓመት ይፈርማል፣ ነጩም ቆብ አልቀረም። 13ኛ ክፍሉ በ1941 ኤርትራ ውስጥ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ ምጽዋ ገብቷል። ይኸው ክፍል ከ1962 እስከ 2011 የሰፈረው የት ይመስልሃል? ጅቡቲ። አባትህ ያዩትን ነው የነገሯችሁ፤ ቤተሰቡን ሰብስበህ ይቅርታ ጠይቋቸው።