አልቦው ጠበባት

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። የጓደኛዬ የእህት ልጅ ናት። ደቡብ ኦሞ ደርሷታል፣ ሐመር። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ሙቀቱ ስትጠይቀኝ ቆየችና በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ሲስተር፣ ቋንቋቸውን ግን አልችልም። አስተርጓሚ አለ ተብያለሁ። ግድ የለም አይደል?»

«ግድ የለም፣ ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ልጅቷን ዋሸኋት። በጥያቄዋ ሳቢያ ደግሞ ስንት ዓመት ተኝቶ የነበረ ነገር ተነሳብኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ በየበረሃው ለምትመደቡት ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

2001 ዓ.ም. ነው። ያኔ በየ6 ወሩ ዘመቻ እንወጣ ነበር። ለሕፃናት ቫይታሚን ኤ እና የትል መድኃኒት እንሰጣለን፣ ክንዳቸውን እንለካለን። የከሳ ልጅ ከተገኘ ወደ ሕክምና ይላካል። አራት ሆነን በአንዲት ላንድክሩዘር ከቱርሚ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ ከስኬ ወንዝ ላይ መኪናዋ ተቀበረች። ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳይመስላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሴቶቹ አሸዋውን በእጃቸው ይምሳሉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቀስ እያለ የሚያዣውን ውሃ በቅል ይቀዳሉ። እኛ ጎማ ስንቆፍር እነሱ ውሃ ሲቆፍሩ ግማሽ ቀን አለፈ። አንዷ በቅል አሸር ቡና ሰጠችኝ፣ ሾፎሮ ይሉታል። ትኩስ ነው፣ ስኳር የለውም። እስከ ዛሬ ሆዴ ባዶ ሲሆን የዚያ ቅል ሽታ ትዝ ይለኛል። ለነገሩ ከርዕሴ ወጣሁ።

መንደሩ ስንደርስ ግራሩ ሥር 200 ያህል ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ተኮልኩለው ይጠብቁናል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። እኛ ደግሞ ሳይመሽ ዲመካ መግባት ፈልገናል። ዲመካ አልጋ አለ፣ ቀዝቃዛ ቢራም አለ።

ቅጹ ላይ ዕድሜ፣ ክንድ፣ መድኃኒት፣ ከዚያ «እብጠት» የሚል ረድፍ አለ። እብጠት የሚታየው የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ተጭኖ ነው። ጣታችሁን ስታነሱ ሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ፣ ክንዱ ምንም ይበል ምን ያ ልጅ በጽኑ ተጎድቷል። እኔ የዚያን ቀን ምን አደረግኩ? ልጆቹን ሳላይ በፊት በረድፉ ላይ ከላይ እስከ ታች የ«የለም» ሰረዝ ሰረዝ አድርጌ ጨረስኩ። ጊዜ ለመቆጠብ ነው። 200 ልጅ በ3 ሰከንድ። አሁን ሳሰላው 10 ደቂቃ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሁለት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ ቀረበች። ልጅቷ ዝም ያለች ናት። ጉንጯ ሞላ ያለ። ክንዷን ለካሁ፣ 12.6 ሴንቲ ሜትር። መለኪያው አረንጓዴው ላይ ነው፣ ደህና ናት ማለት ነው። ቀጥይ ልል ስል እናትየዋ መናገር ጀመረች። አጎንብሳ የልጅቷን ቁርጭምጭሚት ይዛለች። ቀይና ነጭ ጨሌ የተሰካበት አልቦ አለ። ጣቷን በአልቦውና በቆዳው መሃል ለማስገባት ትሞክራለች፣ አይገባላትም። አሁንም ትናገራለች። ረጅም ነገር ተናገረች። አስተርጓሚያችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እሱም ደክሞታል። ያን ሁሉ ንግግር በሁለት ቃል ነገረኝ።

«አልቦው ጠበባት።»

ሳቅኩ። «አድጋ ነዋ! ጎበዝ በላት፣ ይላላላት በላት» አልኩት። ነገራት። እሷ ግን አልሳቀችም። የቫይታሚን ኤ ጠብታዋን ልጅቷ አፍ ውስጥ ጨመቅኩና ቀጣዩን ጠራሁ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቱርሚ ላይ አስተርጓሚዬን አገኘሁት። ብዙ አወራን። ስለ ፈተናው፣ ስለ ፍየል ዋጋ። በመሃል ልክ እንደ ፍየሉ ዋጋ «ያቺ አልቦ የጠበባት ልጅ ሞተች» አለኝ። እግሯ ሲያብጥ ከርሞ አልቦውን በቢላ ቆርጠው እንዳወጡላት ነገረኝ። «እናትየዋ ያን ቀን ሌላ ምን ነበር ያለችው?» አልኩት። አሰበ። «ጫማ ሳታደርግ የጫማ ምልክት አለባት ብላ ነበር። ልጄ ውሃ ሆናለች ብላ ነበር። አትጫወትም፣ አትስቅም ብላ ነበር።»

እናትየዋ እብጠቱን በጣቷ ለክታልኝ ነበር። ምርመራውን ጨርሳ ነው የመጣችው። ክዋሽዮርኮር የሚሉት ከምግብ እጥረት የሚመጣው እብጠት ፊትን እንደሚሞላ፣ ክሳትን በውሃ እንደሚሸፍን ትምህርት ቤት ፈተና ላይ መጥቶልኝ አግኝቼዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች «ሕዝቡ ስላልተማረ ነው» ይሉኛል። ልጆቼ፣ ይህን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በበጋ ሣር ፍለጋ ከብቶቹ ርቀው ይሄዳሉ። ወንዶቹና ከፍ ያሉት ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ወተቱም አብሮ ይሄዳል። ሕፃናቱ ከእናታቸው ጋር መንደር ይቀራሉ፣ የማሽላ ገንፎ ይበላሉ፣ እሱም ካለ። እናትየዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የማታውቀው ነገር ቢኖር እኔ የማልሰማት መሆኔን ነው።

ታች ኦሞ ዳር ያሉት ዳሰነቾች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የሚዘሩት ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ጭቃ ላይ ነው። ያው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከልክ በላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የለመዱት ሙላት ቀረባቸው። እኔ በመብራት የምጽፍ ሰው ነኝ፣ ግድቡን ልረግም አልችልም። ግን የመብራቱ ሒሳብ ለማን እንደደረሰ አያለሁ። ከዚያ ዝናቡ ደጋግሞ ቀረና በዳሰነችም በሐመርም ከብት አለቀ።

ቁጥር ደግሞ አለላችሁ። በአገር ደረጃ የቀነጨሩ፣ ማለት ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፣ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ ሆኑ። እኔም በስብሰባ ላይ አጨብጭቤያለሁ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የቀጨጩት፣ ማለት ለቁመታቸው ክብደታቸው ያነሰው በአገር ደረጃ 10 በመቶ ናቸው፣ ሶማሌ ክልል ግን 23፣ አፋር 18። የደቡብ ክልል አማካይ ከአገሪቱም ያነሰ ነበር፣ ደህና የሚባል። ችግሩ ያ ክልል ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የነበሩበት መሆኑ ነው። እንሰትና ቦሎቄ ካለው ከወላይታና ከጉራጌ ጋር ተደምሮ ሲካፈል ሐመር የት ይታያል? አማካይ ማለት የእኔ ሰረዝ ነው፣ ከላይ እስከ ታች «የለም»።

እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ፣ እውነቴን ነው። ታብሌት አላችሁ፣ መረጃው በዚያው ቀን ወረዳ ይደርሳል። ፕላምፒ ናቱ፣ ያ ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው የለውዝ ቅባት፣ ጤና ኬላ ድረስ ይመጣል። ግን አንዳንዶቻችሁን ሳይ ይገርመኛል። ልጁን ሳትመዝኑ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ፌስቡክ ላይ ከሐመር ልጅ ጋር ተቃቅፋችሁ አያችኋለሁ፣ ስሙን ብጠይቃችሁ አታውቁትም። ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ የምትጠይቁት አበሉን ነው። (እኛም አበሉን ነበር የምንጠይቀው። እሱን ልተወው።)

እጃችሁን ታጠቡ፣ ካርድ በትክክል ሙሉ፣ እናት ፊት አትጩሁ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ፕላምፒ ናቱን ለሌሎቹ ልጆቿ ስታካፍል ብታገኟት ግን አደራ አትቆጧት። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፣ 500 ካሎሪ። እናንተ ለታመመው ልጅ መድኃኒት ነው ትላላችሁ። ለእሷ ግን ቤት ውስጥ ካለው ምግብ ሁሉ የሚጣፍጠው ነው፣ የሚያዩት ደግሞ አራት ናቸው። ለአንዱ ብቻ እየሰጣችሁ ሌሎቹን ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?

እናት አምስት ደቂቃ አውርታ አስተርጓሚው በሁለት ቃል ሲነግራችሁ፣ እንደገና ጠይቁት። ይሰለቸዋል። ይሰልቸው።

ቆዩ እንዳልላችሁ ደግሞ እኔ ራሴ አልቆየሁም። ከዚያ ሰኞ በኋላ በአምስት ወሬ ዝውውር ጠይቄ አርባ ምንጭ ገባሁ። ለጓደኞቼ ሙቀቱ አልተስማማኝም አልኳቸው። እናትየዋንም ሄጄ አላየኋትም። ሁለት ጊዜ መኪና ነበረኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሥራ ፈጠርኩ።

በእነዚያ አምስት ወራት ግን አስተርጓሚው ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር በሐመርኛ አስተምሮኛል። «እግሯን አሳዪኝ» ማለት ነው። ከመሄዴ በፊት ስንት እግር ተጭኜበታለሁ።

ትናንት ማታ ለዚያች ወጣት ነርስ ደወልኩላት። በዋሸኋት ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ታሪኩን ግን አልነገርኳትም፣ እዚህ ታንብበው። ዓረፍተ ነገሩን በድምፄ ቀድቼ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያልኩት። አነጋገሬ ሳይዛባ አልቀረም፣ እዚያ ስትደርስ እናቶቹ ያርሟታል።