የአንባቢ ጥያቄ፦ ሰማያዊ አልሆን ያለው ፔትሪ፣ የቡልቡላ ነጭ አፈር

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊከለር የተባለ የአፈር ባክቴሪያ አሳድጋለሁ። ሰማያዊ ይሆናል ተብዬ ነበር፤ ሦስት ቀን ሞላው፣ ፔትሪው (ማሳደጊያ ሳህኑ) ግን ነጭ እንደሆነ ነው። (ሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ሰማያዊው አክቲኖሮዲን የተባለ አንቲባዮቲክ ነው። ባክቴሪያው የሚያመርተው ጠግቦ ሲፋፋ ሳይሆን ምግብ ሲያጥረው ነውና በ30 ዲግሪ እስከ 7 ቀን ይጠብቁ። ከዚያም እምቢ ካለ ምግቡን ይጠርጥሩ፤ ግሉኮስና ፎስፌት ሲበዙ የምርቱ ዘረ መሎች ተዘግተው ይቆያሉ። ለ1 ሊትር የቧንቧ ውሃ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ ማኒቶል (ስኳር መሰል ምግብ) እና አጋር (ማርጊያ) እያንዳንዳቸው 20 ግራም ይበቃሉ። ዱቄቱ ውስጥ ያለው የሌሎች ባክቴሪያዎች ስፖር (ጠንካራ ዘር) በቀላሉ ስለማይሞት ሁለት ጊዜ አውቶክሌቭ ያድርጉት፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት ያምክኑት።

ቀይ ከወጣም ወዲያው አይጣሉት። አክቲኖሮዲን በአሲድ ውስጥ ቀይ ነው። ክዳኑ ውስጥ ጥቂት አሞኒያ ጠብ አድርገው ፔትሪውን ገልብጠው ይክደኑት፤ ወደ ሰማያዊ ከዞረ እሱ ነው፣ ወደ ቢጫ ካደላ ግን ሌላው ቀይ ቀለም፣ ፕሮዲጂኖሲን ነው።

ኮሎኒው (የባክቴሪያው ክምር) ጸጉር ሳያወጣ ልሙጥ ሆኖ ከቀረስ? ምናልባት ቢ-ኤል-ዲ-ኤ የተባለው ዘረ መል ተበላሽቶ ይሆናል። እሱ ዩ-ዩ-ኤ የተባለችውን የዘረ መል ኮድ የሚያነብ ቲ-አር-ኤን-ኤ የተባለ ሞለኪውል ይሠራል። ኮዷ በዚህ ባክቴሪያ ውስጥ ብርቅ ናት፤ የአክቲኖሮዲን ዋና አስጀማሪ ዘረ መል ውስጥ ግን አለች። ኮዷን የሚያነበው ቲ-አር-ኤን-ኤ ከሌለ አስጀማሪው ፕሮቲን አይሠራም። ያኔ አዲስ ስፖር ከማስመጣት ሌላ መላ የለም።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥል የሚሸተው አፈር መድኃኒት ነው ይላሉ። ቁስል ላይ ቢደረግስ? (መናኸሪያ)

መልስ፦ በፍጹም! ሽታው ጂኦስሚን ነው፤ የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ሥራ ቢሆንም አንቲባዮቲክ አይደለም። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ከአፈር ባክቴሪያ ተገኝቷል፣ እውነት ነው። አፈር ግን የቴታነስም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ዝዋይ ስንመላለስ ቡልቡላ ወንዝ ገደል ላይ ነጭ ድርብርብ አፈር እናያለን። የበረዶ ዘመን ቅሪት ነው? በረዶው እኛ ጋ ደርሶ ነበር?

መልስ፦ የድሮ ሐይቅ ወለል ነው። ነጩ ዲያቶማይት፣ የደቃቃ አልጌዎች የመስታወት ቅርፊት ክምችት ነው፤ በጣት ሲፈተግ እንደ ጠመኔ ይቦናል። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ፤ ሲሞላም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ብዙ ሰው የቀለጠ በረዶ የሞላው ይመስለዋል፤ የሞላው ዝናብ ነው። ዛሬ ምድር ለፀሐይ አብልጣ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ያኔ በክረምታችን ነበር፣ ክረምቱም በረታ። በበረዶ ዘመን ጫፍ፣ ከ21 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ብርዱ ዝናቡን ቀንሶ ለእኛ የድርቅ ዘመን ሆነ።

ሐዋሳ የበረዶ ግግር አላየችም፤ የባሌው ሳነቴ አምባ ግን አይቷል። እዚያው ባሌ፣ 3,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ፊንቻ ሀበራ ዋሻ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረዋል። ዋና ሥጋቸው ዛሬም ሳነቴ ላይ ጉድጓድ የሚምሰው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ የተጠበሰ አጥንቱ ዋሻው ውስጥ ተገኝቷል።