ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኩርፊያዬ ልጄን ይጎዳታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ወላጅ የሞላችውን መጠይቅ ደብተሯ ውስጥ አገኘሁት። «ካስቀየምኳት አታናግረኝም» የሚለው ላይ «በጣም» ብላለች። እውነት ነው፣ ሳዝንባት ሁለት ሦስት ቀን አኮርፋለሁ። እናቴም እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ። ወይስ ጣና ዳር አታምሺ ስለምላት ነው? ልቆጣጠራት አይገባም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብዎታል። አታምሺ ማለትና ከማን ጋር እንደዋለች መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው። በልኩ ከሆነ ይጠብቃታል። ይቀጥሉበት።

መጠይቁ የሚለካው ሌላውን ነው፤ ሥነ ልቦናዊ ቁጥጥር የሚባለውን። የልጅን ሐሳብና ስሜት በኩርፊያ፣ በጸጸት፣ ፍቅርን በመንፈግ መግዛት ማለት ነው። ብሪያን ባርበር የተባለው ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ 8 ነጥቦች አሉት። ሳወራ ታቋርጠኛለች? የድሮ ጥፋቴን እያነሳች ትወቅሰኛለች? በሐሳቧ ካልተስማማሁ ፊት ትነሳኛለች? መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ እሷን አይመስልም፣ በመጠኑ ይመስላል፣ በጣም ይመስላል።

የሚሞላው ልጁ ነው። ምክንያቱም እኛ «ስንት ለፍቼ አሳደግኩሽ» ስንል የመከርን ይመስለናል፤ ልጅቷ ጋ የሚደርሰው ግን ዕዳ ሆኖ ነው። ስንት እናት «አንድ ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ ዝም ነው ያልኳት» ብላኛለች። ያስጨነቃት እኮ ዝምታው ነው።

ጥናቶች ከፍ ያለ ውጤትን ከወጣቶች ድብርትና ጭንቀት ጋር ያያይዙታል። ሆኖም የከፋት ልጅ ሁሉን አጨልማ ልታይ ትችላለች፤ አንድ «በጣም» ብቻውን በሽታ አይነግረንም። መጥፎ እናት ነዎት ማለትም አይደለም።

ወረቀቱን እንዳዩት ይንገሯት፣ መደበቁ አያዋጣም። «ለምን እንዲህ ጻፍሽብኝ» ግን እንዳይሏት! «ሳኮርፍ ምን ይሰማሻል?» ብለው ይጠይቋትና ሳያቋርጡ ይስሟት። መልሷ ሊያምዎት ይችላል፤ ይቻሉት። ሲናደዱ ደግሞ ለዝምታዎ ልክ ያብጁለት። «አሁን ተናድጃለሁ፣ ከእራት በኋላ እናወራለን» ይበሏትና እራት እንደተነሳ ያውሯት። ሰላምታዎን በጭራሽ አይንሷት።

እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ከጓደኞቿ ከራቀች ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዷት። «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ግን ለነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ፣ ብቻዋንም አይተዋት።