የሕግ ምክር፦ ደሴ ላይ ሦስት ክፍል ለመጨመር ላሰቡ ጠያቂ

የጠያቂያችን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ ይህን ይላል።

«የምንኖረው ደሴ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ቤቱን የገዛነው ከተጋባን በኋላ ነው። ነባር ይዞታ ነው፤ ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። ከቤቱ ኋላ ሦስት ክፍል መጨመር እንፈልጋለን። አንዱ ለልጆቹ፣ ሁለቱ ለኪራይ። አንድ ግንበኛ ከነዕቃው በ1,200,000 ብር እጨርሳለሁ ብሎናል፤ ግማሹን አሁኑኑ ይፈልጋል። በአንድ እድር ስለሆንን ውል እንጻፍ ማለት ከበደን። ጅዳ ያለችው እህቴ ግማሹን እልካለሁ ብላለች። ከበታቻችን ያለው ጎረቤት ደግሞ ቁፋሮው ግድግዳዬን ይነካብኛል እያለ ነው። ገንዘቡ መሀል ላይ እንዳያልቅብን ምን እናድርግ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ቢሮዬ ያለቀ ገንዘብና ያላለቀ ቤት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጉዳያቸውን ሳጣራ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው አንድ ነው። «ይህ ቢመጣ ማን ይከፍላል?» የሚለው ሳይጻፍ ቀርቷል። ዋጋ ቢጨምር ማን ይከፍላል? አፈሩ ቢናድስ? ሠራተኛ ቢወድቅስ? በጀትዎን መስመር በመስመር በዚህ ጥያቄ እንየው።

ፈቃዱን በአጭሩ ልጨርሰው። ክፍሎቹ ከጓሮ ስለሆኑ ማንም አያያቸውም ብላችሁ እንዳትጀምሩ። የሕንፃ ሕጉ ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አይደለም፤ ያለውን ቤት ማሻሻልንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ይቆማል፤ ሲብስም ይፈርሳል። ወደ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ግቢውን በሜትር አስለኩ። ነባር ይዞታ ላይ አጥሩ ከካርታው አልፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ካርታው ላይ በሌለ መሬት አንድም ብሎኬት አታስቡ። የፕላኑንና የፈቃዱን ወጪ ከበጀቱ አናት ላይ ጻፉት።

ካርታው በባለቤትዎ ስም መሆኑ አያስጨንቅዎት። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። ቤቱን አስይዛችሁ ከባንክ ልትበደሩ ካሰባችሁ ግን የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህንንም ልንገርዎ፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ አይጠበቅበትም። ለሁለት የኪራይ ክፍል ብሎ ልጆች የሚያድሩበትን ቤት ለዚህ ማጋለጥን አልመክርም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ደሴ የአንድ ደንበኛዬን ግቢ ለማየት ሄጄ ነበር። እንደ እናንተው ከቤታቸው ኋላ ተዳፋቱን ቆርጠው ሁለት ክፍል ሠርተዋል። በጋ ላይ ሲያልቅ ያማረ ሥራ ነበር አሉኝ። እኔ የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነው። ከተቆረጠው አፈር ላይ፣ ጉልበቴ በሚደርስበት ከፍታ፣ ውሃ እንደ ላብ ይወርዳል። የብሎኬቱ ግድግዳ መሀሉ ላይ ወደ ክፍሉ ውስጥ ሆዱን ነፍቷል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። እናትየዋ የልጆቹን ፍራሽ ሳሎን አውጥታ ደርድራዋለች። ወጪያቸውን የጻፉበትን ደብተር አሳዩኝ። ሲሚንቶ አለ፣ ፌሮ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ቀለም እንኳ አለ። የድጋፍ ግንብ የሚል መስመር ግን የለም። የውሃ ማስወጫም የለም። ግንበኛውን ሲጠይቁት «እኔ ምን ላድርግ፣ መሬቱ ነው» አላቸው።

ሕጉ «መሬቱ ነው» የሚለውን መልስ አይቀበልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት የቤት ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ መሠራቱንና ጽኑ መሆኑን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ኃላፊ ነው። የመሬቱ ጠባይ በግልጽ ተጽፏል። ዳገት ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የለም።

ያ ቤተሰብ ግን ውል አልነበረውም። ማን እንደሠራው፣ ምን ሊሠራ እንደተስማማ፣ መቼ እንዳስረከበ በጎረቤት ምስክርነት ማስረዳት ነበረብን። 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ ነው ብያለሁ። የርክክቡ ቀን ካልተጻፈ ከየት እንቁጠር የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ይኑራችሁ፤ ቀን፣ ፊርማ፣ የቀሩ ሥራዎች ዝርዝር።

ለበጀታችሁ ይህ ምን ማለት ነው? ትልቁ ወጪ ክፍሎቹ ላይሆኑ ይችላሉ። ቁፋሮው አለ። መኪና ግቢ የማይገባ ከሆነ አፈሩን በሰው ጉልበት ማውጣት አለ። የድጋፍ ግንቡ አለ። ከግንቡ ጀርባ የሚሞላው ጠጠርና ውሃውን የሚያስወጣው ቱቦ አለ። ይህን መሐንዲስ አስልቶ በፕላኑ ላይ ያስቀምጠው እንጂ ግንበኛው በዓይኑ አይገምተው። የ1,200,000 ብሩ ዋጋ ይህን ይጨምር እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁት። ካልጨመረ ያ ዋጋ የእናንተ ቤት ዋጋ አይደለም። ገንዘቡ አልበቃ ካለ ከሦስቱ ክፍል አንዱን ቀንሱ፤ ግንቡን ግን አትቀንሱ። ወሎ ላይ የሚያሰጋው ክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግም አለ። ቁፋሮውና ግንቡ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቅ።

ወደ ግንበኛው ልመለስ። በቃል የተነገረው ዋጋ ዋጋ የለውም አልልም። ግን ነገ «ኮርኒሱን አልጨመርኩም» ቢል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? «ከነዕቃው» ማለት ለእሱ ሊሾ ሊሆን ይችላል፣ ለእናንተ ሴራሚክ። እያንዳንዱ ሥራ ከነመጠኑና ከነነጠላ ዋጋው ይዘርዘር።

ዋጋ ቢጨምርስ? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ አይታችኋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1763 እና 1764 በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ሥራው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ አይፈርስም፤ ዳኛም ለአንዱ አዝኖ ዋጋ አይለውጥም። ወረቀት ላይ ይህ እናንተን ይጠቅማል። ነገር ግን እየከሰረ የሚሠራ ግንበኛ ወይ ሲሚንቶውን ያሳሳል፣ ወይ ስልኩን ያጠፋል። ክሱን ረትታችሁ ጣሪያ የሌለው ቤት ይዛችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ እናንተ ግዙ። ከእሱ ጋር በእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋሉ፤ የእጅ ዋጋው አይነካም። ዕቃ ለመግዛት የሚሯሯጥ ሰው ከሌላችሁና ከነዕቃው ከሆነ ደግሞ የጭማሪው ደንብ ይጻፍ፦ የትኞቹ ዕቃዎች፣ ከየትኛው ቀን ዋጋ ተነስቶ፣ ከመቶ ስንት እስኪደርስ እሱ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ያለውን እንዴት ትካፈላላችሁ። ዋጋው በደረሰኝ ይረጋገጥ። ይህ ለእሱም ፍትሐዊ ነው።

ግማሹን አሁን መስጠት ግን አይሆንም። ለመነሻ ከጠቅላላው 15 ወይም 20 በመቶ በቂ ነው። ቀሪው ሥራው ሲደርስ ይከፈል፤ ድጋፍ ግንቡና መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ፣ ማጠናቀቂያው ሲያልቅ። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ደግሞ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በእጃችሁ አቆዩት። ዳገት ላይ ያለ ግድግዳ የሚፈተነው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለመሠረት ሥራ» ብላችሁ ጻፉ። ይህች ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንደረዳችኝ አልነግርዎትም።

ቢዘገይ በየሳምንቱ የሚከፍለውን መቀጮ በውሉ መወሰን ትችላላችሁ፤ ቁጥር 1889 ይፈቅዳል። ሥራውን ትቶ ቢጠፋ ሌላ ግንበኛ ከማስገባታችሁ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት። ይህን ቁጥር 1772 ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ቀን ሠራተኞቹን የሚቀጥረውም ራሱ መሆኑ ይጻፍ። እናንተ በቀጥታ ከቀጠራችሁ አሠሪው እናንተ ናችሁ፤ ሠራተኛ ከመወጣጫ ቢወድቅ ጥፋት ባይኖርባችሁም ትጠየቃላችሁ።

የእህትዎ ነገር ለስላሳ ነው። ጅዳ በሰው ቤት ደክማ ያጠራቀመችው ገንዘብ መሆኑን እገምታለሁ፤ ስለዚህም ነው መጻፍ ያለበት። ገንዘቡ ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ከክፍሎቹ አንዱ የእሷ ነው? ዛሬ ሦስታችሁም በልባችሁ የተለያየ መልስ ሊኖራችሁ ይችላል። ደውላችሁ በግልጽ ጠይቋት። ስጦታ ከሆነ በመልእክት እንኳ ይሁን ቃሏን አስቀሩ። ብድር ከሆነ ይጻፍ፤ በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። ወለድ ካልተስማማችሁበት አይታሰብም። ባለቤትዎም አብረው ይፈርሙ። ክፍሉ ይኑረኝ ካለች ግን ጉዳዩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ መመዝገብን ይጠይቃል። እሷ መምጣት ካልቻለች ጅዳ ባለው ቆንስላችን ውክልና መስጠት ትችላለች። የይዞታውን ካርታ የሚነካ ስለሆነ ይህን መንገድ ያለ ባለሙያ አትጀምሩት። እኔን ከጠየቁኝ ብድሩ ለሁላችሁም ይቀላል፤ ከኪራዩ እየተከፈለ ያልቃል። ኪራዩም ግብር እንዳለው አስቡ።

ጎረቤታችሁን ንቃችሁ እንዳትተዉት። ልክ ነው፤ ከበታቻችሁ ነው ያለው፣ የሚናደው አፈር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሕጉ ጎረቤትን መጉዳት ይከለክላል፣ ቁጥር 1225። ሕንፃችሁ ለሚያደርሰው ጉዳትም ባለቤቶቹ ትጠየቃላችሁ፤ ጉዳቱን አስቀድመን አላየነውም ማለት አያድንም፣ ቁጥር 2077። ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ቢከስና ፍርድ ቤቱ ሥራውን ቢያሳግድ ደግሞ ግንበኛው ቆሞ ሲሚንቶው ይደርቃል። ስለዚህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቡና ጠጡ ብላችሁ ጥሩት። ፕላኑን አሳዩት። ግድግዳው ላይ ዛሬ ያለውን ስንጥቅ አብራችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ካልተግባባችሁ ሽማግሌ አለ፤ በወሎ ደንብ የሚከበር አበጋር የሚባል ባህላዊ አስታራቂም አለ። ከክስ በፊት እሱን ሞክሩ።

ለመጠባበቂያ ከጠቅላላው ቢያንስ 15 በመቶ ለዩ፤ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ። ለልጆቹ የሚሆነው ክፍል ጣሪያ ሳይለብስ የኪራዮቹን መሠረት አትክፈቱ።

የቀረው የእድሩ ጉዳይ ነው፤ እንዴት ውል እንጻፍ እንበለው ብለዋል። እድራችሁ ራሱ መዝገብ አለው አይደል? ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ ተብሎ ይጻፋል፤ በዚያ ግን ማንም አይቀየምም። ግንበኛውን ቤት ጥሩትና «ለአንተም ለእኛም ይሁን» በሉት። ውሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በእሱም በኩል በእናንተም በኩል አንዳንድ ምስክር ይፈርም፤ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ከሆነ በጣት አሻራ ብቻ አትቀበሉት፤ ውልና ማስረጃ አብራችሁ ሂዱ። ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት ቢልኩልኝ አየዋለሁ፤ የመሐንዲሱን ፕላን ግን አብረው ይላኩት።